ባለጎማዋ ቤትና የወይራው ምሰሶ

የበደለኝ ሰው ደምመላሽ ይባላል። የባሌ ልጅ ነው። እኔ አልወለድኩትም፤ ያሳደግኩት ግን እኔ ነኝ። ስሙን ከወዲሁ የጠራሁት ተረቱ መሐል ላይ "ማን ነበር ያ ሰውዬ?" እያላችሁ እንዳታቋርጡኝ ነው። አሁን አውቃችሁታል። እንቅልፍ የመጣበት ካለ አሁኑኑ ይሂድ፣ የቀራችሁት ስሙ።

ጊዜው ድሮ ነው። እንስሳ አፍ አውጥቶ የሚናገርበት፣ ዕቃም ሲከፋው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ። ድሮ ስላችሁ ደግሞ የዓለም መጀመሪያ እንዳይመስላችሁ፤ መንገድ ሠሪዎች በአገራችን አልፈው ነበር።

ባሌ ሞተ። አርባው በወጣ ማግስት ደምመላሽ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ።

"እትዬ አስካለ" አለኝ።

"አቤት" አልኩት።

"ቤቱ የአባቴ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሚስት ላገባ ነው።"

"እሰየው።"

"ሁለት ሴት በአንድ ጣሪያ ሥር አይሆንም። ወደ ዘመዶችሽ ሂጂ።"

"ዘመዶቼ ሞተው አልቀዋል።"

"እንግዲያው እነሱ ወዳሉበት ሂጂ" አለኝ።

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ መጥረቢያዬን ከግድግዳው ላይ አወረድኩ። ደምመላሽ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አልመታሁትም። መጥረቢያው የእኔ ስለሆነ ነው ያወረድኩት። አህያዋም የእኔ ነበረች፤ ቁርበቴንና አንድ ድስት ጫንኩባትና ወጣን።

"ወዴት ነው?" አለች አህያዋ።

"ቤት ፍለጋ።"

"በዚህ ዕድሜሽ?"

"አንቺስ በዚህ ዕድሜሽ ትጫኚ የለም እንዴ? ሂጂ።"

ሄድን፣ ሄድን፣ ከዋርካ ሥር ደረስን።

"ዋርካ ሆይ፣ አስጠጋኝ" አልኩት።

"እኔ ጥላ ነኝ እንጂ ቤት አይደለሁም" አለ ዋርካው። "ዝናብ ሲመጣ እኔም እርጥብ ነኝ።"

"ቀጥሎስ?" አለች አህያዋ።

"ቀጥሎማ መሄድ ነው።"

ሄድን፣ ሄድን፣ ከዋሻ ደረስን።

"ዋሻ ሆይ፣ አስጠጋኝ።"

"ጅብ ቀድሞሻል" አለ ዋሻው። "ልጆቹን ሁሉ ይዞ ገብቷል።"

"ይውጣልኛ!"

"ለራሱ ንገሪው" አለኝ። አልነገርኩትም።

"ቀጥሎስ?" አለች አህያዋ።

"ቀጥሎማ መሄድ ነው።"

ሄድን፣ ሄድን፣ ከድልድይ ደረስን።

"ድልድይ ሆይ፣ አስጠጋኝ።"

"ከሥሬ ግቢ፤ እስከ ሰኔ ማንም አይነካሽም" አለ ድልድዩ። "በሐምሌ ግን ጎርፉ ይመጣል። እሱ ደግሞ ከመውሰዱ በፊት ሰው አይቀሰቅስም።"

"ቀጥሎስ?" አለች አህያዋ። በዚህ ጊዜ ገመዷን ስቤ ብቻ ሄድኩ፤ ደክሞኝ ነበር።

ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣ ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት ሜዳ ላይ፣ እሾህ የወረሰው ነጭ ነገር ቆሟል። ድንጋይ እንዳልል ነጭ ነው። መኪና እንዳልል መሪ የለውም። ቤት እንዳልል ከሥሩ አራት ጎማ አለው። ቀረብ ብዬ በመጥረቢያዬ እጀታ መታ መታ አደረግኩት።

"ማነው?" አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

"መንገደኛ ነኝ። አንቺስ ምንድን ነሽ?"

"ቤት ነኝ።"

"ቤት ጎማ የለውም።"

"እኔ አለኝ። አራቱም ተነፈሱ እንጂ" አለች። "የመንገድ ሠሪዎቹ ካራቫን ነኝ። መሐንዲሳቸው ሰባት ዓመት ውስጤ ተኝቷል። በመኪና እያስጎተቱ ከተራራ ተራራ አዞሩኝ። መንገዱ ሲያልቅ እዚህ አቆሙኝና 'ነገ መጥተን እንወስድሻለን' ብለው ሄዱ።"

"መቼ ነው ይሄ?"

"አሥራ አንድ ክረምት ሆነው።"

"አይመጡም" አልኳት።

ቤቲቱ ሲጥ አለች። "ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በአንዴ ይናገራል?"

"እኔ እናገራለሁ። በይ፣ ውስጥሽ ማን አለ?"

"ሦስት ናቸው። ተርብ፣ አይጥና ዝገት።"

በሩን ስከፍት ተርቦቹ በጎጇቸው ላይ ተነሡ።

"ማን ነሽ አንቺ?" አሉኝ ሁሉም በአንድ ጊዜ።

"የቤቱ ባለቤት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአሁን ጀምሮ።"

ነደፉኝ። አንዴ ግንባሬን፣ አንዴ ጆሮዬን፣ አንዴ የማልነግራችሁን ቦታ። ወጣሁና ኩበት ለቀምኩ፣ በድስቱ ውስጥ አያይዤ ጭሱን አስገባሁባቸው። እየተሳደቡ ወጡ። ስድባቸውን ከእነሱ በፊትም ሰምቼው ስለማውቅ አልገረመኝም።

እመት አይጥ የመሐንዲሱ ፍራሽ ውስጥ ስድስት ልጆች ወልዳለች።

"አትንኪኝ፣ አራስ ነኝ" አለችኝ።

"አልነካሽም። ፍራሹ ያንቺ ነው፣ ቤቱ የእኔ" አልኩና ፍራሹን ከነልጆቿ ጎትቼ ከደጅ ካለው ግራር ሥር አኖርኩላት። ከአራስ ጋር ክርክር አልወድም።

ዝገት ግን ጣሪያው ላይ ተጋድሞ ሳቀብኝ።

"እነዚያ እንግዶች ስለነበሩ ወጡልሽ" አለ። "እኔ የቤት ልጅ ነኝ። ከዚህ ብረት ተወለድኩ፣ ይህንኑ ብረት እበላለሁ።"

"እንዲህ ያለ ልጅ አውቃለሁ" አልኩት።

ከወንዝ አሸዋና ሻካራ ድንጋይ አምጥቼ ፈገፈግኩት። ዘጠኝ ቀን ፈገፈግኩት። መንገድ ሠሪዎቹ ጥለውት ከሄዱት በርሜል ግርጌ የደረቀ ሬንጅ ፈልፍዬ አቀለጥኩና ቀባሁት። የበርሜሉን ቆርቆሮ በመጥረቢያዬ ቀድጄ የጣሪያውን ቀዳዳ ደፈንኩበት፤ በላዩም ሬንጅ ደገምኩበት። ዝገት ዝም አለ። ሞተ አላልኳችሁም፤ ዝም አለ። መስታወቱ በረገፈው መስኮት ላይ ሰሌን ሰቀልኩ። ወለሉን አጠብኩ፣ ደግሜ አጠብኩ፣ ሦስተኛ ሳጥበው ቤቲቱ፣

"ኧረ በቃኝ፣ ቆዳዬ ተላጠ" አለች።

ከመንገዱ ዳር የሚሠራ ሐሰን የሚባል ጎሚስታ ነበር፤ የመኪና ጎማ ሲተነፍስ የሚለጥፍ። ስፈገፍግ ከታች ሆኖ ሲያየኝ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ፖምፓውን ተሸክሞ ወጣ።

"እትዬ፣ ጎማዎቹን ልንፋልሽ?"

"ለምን ብዬ? የት ልሄድ ነው?"

"የትም። ግን ቤትሽ ወደ ቀኝ አጋድላለች። ከመኝታሽ ተንከባለሽ ስትወድቂ እኔ ነኝ ሮጬ የምመጣው።"

"አንተ ባትመጣ ማን ይቆጫል? እሺ፣ ንፋ።"

አራቱን ጎማ ፈትቶ የቻለውን ለጠፈ፤ ያልቻለውን በሌላ አሮጌ ለወጠ። ነፋ፣ ነፋ፣ ቤቲቱ ቀና አለች። "ወይ ጉድ፣ እግሬ!" አለች። ሐሰን ከፊት ጎማዎቿ ሥር ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ሸጎጠ።

"ቁልቁለት ነው እትዬ። እነዚህን ድንጋዮች የነቀልሽ ቀን ቤትሽ ጥላሽ ትሄዳለች" አለኝ።

"እሷም እንደ ሰው?" አልኩ። ሳቀ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሲስቅ ግን ድድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቤት ኖረኝ። ዝናብ መጣ፣ አላስገባችም። ነፋስ መጣ፣ አልተነቃነቀችም። ፀሐይ መጣች፣ በሰሌኑ አጣርታ አስገባች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ከድሮ መንደሬ ማንያህልሻል የምትባል ሴት ልትጠይቀኝ መጣች።

ማንያህልሻል ስትጠይቅ ዓይኗ ነው የሚጠይቀው። ገባች፣ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ በሩን ከፍታ ዘጋች። "ያምራል" አለች። "ይሞቃል" አለች። ከዚያ ቀና ብላ መሐሉን አየች።

"ምሰሶው የታል?"

"ምሰሶ የላትም።"

"እህ" አለች።

እህ ብቻ። ሌላ ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር፤ ለ"እህ" ምን ይመለስላታል? ደህና ዋይ ብላኝ ወጣች፤ "እህ" ግን ቤቴ ውስጥ ቀረች። ስቀመጥ እህ፣ ስነሣ እህ። ሦስት ቀን ተቀመጠችብኝ። በሦስተኛው ቀን መጥረቢያዬን አነሣሁ።

"ወዴት?" አለች አህያዋ።

"ወይራ ልቆርጥ። ለቤቴ ምሰሶ ልተክል።"

"ቤትሽ ያለ ምሰሶ ቆማለች።"

"ምሰሶ የሌለው ቤት ቤት ነው እንዴ? ጋሻ የት ይሰቀላል?"

"ጋሻ አለሽ?"

"የለኝም። ሙሽራስ ስትገባ ምን ተደግፋ ትቆማለች?"

"ሙሽራ ነሽ?"

"አንቺ አህያ፣ አሁን በጥፊ ነው የምልሽ!"

ወፍራም ወይራ ቆረጥኩ። አህያዋ እያጉረመረመች ጎተተችልኝ። የቤቲቱን ወለል መሐሉን በመጥረቢያ ስበሳ ጮኸች።

"ኧረ ሆዴን! አስካለ፣ እኔ የምሄድ ቤት ነኝ፣ ከመሬት አትስፊኝ!"

"ዝም በይ፣ የወግ ቤት ላደርግሽ ነው።"

በቀዳዳው በኩል አንድ ክንድ ተኩል ቆፈርኩ፣ ወይራውን አቆምኩ፣ ጫፉን ከጣሪያው ብረት ጋር በሽቦ ጠፈርኩ፣ ሥሩን በድንጋይ ጠቀጠቅኩ። ምሰሶው ደረቱን ነፋ።

"አሁን ቤት ሆንሽ" አላት ቤቲቱን። "ከእንግዲህ ያለ እኔ ፈቃድ ንቅንቅ የለም።"

ማንያህልሻልን አስጠራኋት። መጥታ አየች። "እሰይ" አለች። ለዚያች አንዲት ቃል ስል ነው ያን ሁሉ ያደረግኩት። በማግሥቱም እሰይ ያለች አፏ መንደሩን ሁሉ ዞረች፤ ወሬውም ደምመላሽ ዘንድ ደረሰ።

ደምመላሽ መጣ። ቤቴን ሦስት ጊዜ ዞራት።

"እትዬ አስካለ፣ ይህ ሜዳ የአባቴ ግጦሽ ነበር" አለ። እውነቱን ነው፣ ነበር። "ሙሽራዬ ደግሞ የሣር ቤት አልገባም ብላለች። የቆርቆሮ ነው የምፈልገው ትላለች።"

"ጎበዝ ልጅ ናት። ሥራላት።"

"ተሠርቷል እኮ" አለና ቤቴን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት።

"እጅህን አንሣ!" አለች ቤቲቱ።

አላነሣም። ሽማግሌዎች አመጣ፤ ሦስት ናቸው፣ አንጋፋው አያ ቢራቱ። አያ ቢራቱ ማንንም ሳይሰሙ አይፈርዱም፤ ድንጋይም ቢሆን አቤት ካለ ይሰማሉ። ከቤቴ ፊት ለፊት ተቀመጡና ክርክሩን ሰሙ።

"የአገሩን ደንብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ" አሉ። "የተተከለ ነገር የመሬቱ ባለቤት ነው። የሚሄድ ነገር የያዘው ሰው ነው። አህያ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?"

"ጎማ አላት። ጎማ ያለው ይሄዳል" አለች አህያዋ።

"ቤቲቱ፣ አንቺስ?"

"ከተራራ ተራራ ሄጃለሁ። ተተክዬ አላውቅም... ማለቴ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ" አለች ቤቲቱ። ውሸት አታውቅም፤ ብታውቅ በጀን ነበር።

አያ ቢራቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፤ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። ቆዩ። ቆዩና፣

"እትዬ አስካለ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ።

ምሰሶው እኔን ቀድሞ መለሰ። "ምሰሶ ነኝ፣ አባቴ። አንድ ክንድ ተኩል ተተክያለሁ። ከመሬቱ ነኝ፣ ቤቱም ከእኔ ነው።"

ደምመላሽ ጭኑን መትቶ ሳቀ። "ማንም አላስገደዳትም! በገዛ እጇ ተከለችልኝ!"

ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬቱን አዩ። ማንያህልሻል ሰው መሐል ነበረች፤ በዚህ ጊዜ እህም አላለች። እኔ እንደሆንኩ ፍርድ ከአፋቸው ከወጣ የምገባበት የለኝም። ዋርካውን ጠይቄዋለሁ፣ ዋሻውን ጠይቄዋለሁ፣ ድልድዩን ጠይቄዋለሁ። ክረምቱም ከወዲያ ማዶ መጥቆር ጀምሯል።

"አያ ቢራቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አልኩ።

"ጠይቂ።"

"ፍየሌን በደምመላሽ ሜዳ ካስማ ተክዬ ባስራት፣ ፍየሏ የማን ናት?"

"ያንቺ ናት።"

"ካስማው ተተክሏል እኮ።"

"ካስማው ሲነቀል ፍየሏ ትሄዳለቻ!"

"ይሄ ወይራ ካስማ ነው። ቤቴ ታስራለች እንጂ አልተተከለችም።"

ሰዉ አጉረመረመ። ደምመላሽ "ፍየልና ቤት አንድ ነው እንዴ!" ብሎ ተነሣ። አያ ቢራቱ በምርኩዛቸው አስቀመጡት።

"ፍየል ስትሄድ አይተናል" አሉ። "ቤት ስትሄድ ግን አላየንም። ነገ ጠዋት እንመጣለን። ከዚህ ሜዳ ወጥታ መንገዱ ዳር ከደረሰች ያንቺ ናት፤ መንገድ የመንገደኛ ነውና ማንም አይጠይቅሽም። እዚሁ ከቀረች የደምመላሽ ናት።"

ተበተኑ። ምሰሶውን ከሥሩ ለመንቀል ሞከርኩ፤ ጎበዝ ነኝ፣ አጥብቄ ነው የተከልኩት። ሐሰን በዶማ ሞከረ፤ ዶማው ድንጋይ አገኘ።

"እንግዲህ መቁረጥ ነው" አለ። "ግን እትዬ፣ ምሰሶው ያለው ውስጥ ነው። ከተቆረጠ ቤቷ ትንቀሳቀሳለች። የሚቆርጠው ሰው ምን ይሆናል?"

"አብሮ ይሄዳል" አልኩት።

"ብትገለበጥስ?"

"አንተ መጎተቻዋን ይዘህ ታቀናታለህ። ባትቀና ደግሞ ደምመላሽ የፈለገው ይሆናል፤ ዘመዶቼ ወዳሉበት እሄዳለሁ።"

ሲነጋ ሽማግሌዎቹ መጡ። መንደሩም ሳይጠራ መጣ። ደምመላሽ ሙሽራውን ይዞ መጥቷል፤ ቤቷን ሊያሳያት። ሐሰን ከፊት የመጎተቻውን ብረት ያዘ፣ አህያዋም በገመድ ከጎኑ ቆመች። ሊያግዙ የመጡት የሐሰን ወንድሞች ድንጋዮቹን ከጎማዎቹ ሥር መቱ፤ አንደኛው ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ። ቤቲቱ ትንሽ ወደፊት አለችና ተይዛ ቆመች። ወይራው ነው የያዛት።

"አያችሁ?" አለ ደምመላሽ።

መጥረቢያዬን ይዤ ገባሁ።

"እኔው ጫካ ቆረጥኩት፣ እኔው ደግሜ ልቁረጠው?" አለ መጥረቢያው።

"አንተው።"

የመጀመሪያውን ስመታው ምሰሶው፣ "ተዪ፣ ያለ ምሰሶ ራቁቷን ትቀራለች" አለ።

ሁለተኛውን ስመታው፣ "ተዪ፣ ጣሪያው ይወርድብሻል" አለ።

ሦስተኛውን ስመታው፣ "ተዪ፣ ሰው ምን ይላል?" አለ።

"ይበል" አልኩትና አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ስንተኛውን እንደሆነ አልቆጠርኩም፣ ብቻ መታሁት። ለሰው አፍ ብዬ የተከልኩትን ለራሴ ስል ቆረጥኩት።

ወይራው ጮኸና በቀዳዳው በኩል ከወለሉ በታች ለቀቀ። ቤቲቱ "ኧኸ!" አለች፣ ከዚያም ሄደች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ ባሰባት። ድስቱ ወደቀ፣ እኔ ወደቅኩ፣ ሰሌኑ ላዬ ላይ ወደቀ። በመስኮቱ ግራሩ ሲያልፍ አየሁ። ማንያህልሻል አፏን ከፍታ ስታልፍ አየሁ። ሐሰን ከውጭ "ወደ ግራ! ወደ ግራ!" ይላል፤ አህያዋ በአባቶቿ ስም እየማለች ትሮጣለች። አንድ ጊዜ በቀኝ በኩል ያሉት ጎማዎች መሬቱን ለቀቁ። "አስካለ፣ ወደ ቀኝ!" አለች ቤቲቱ፤ ሄጄ በቀኝ በኩል ግድግዳው ላይ ተጣበቅኩ። ጎማዎቹ ተመለሱ። ከመንገዱ ዳር የነበረው የጠጠር ክምር ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆመች።

ከላይ አያ ቢራቱ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ወረዱ። ጎማዎቹን አዩ። ሜዳውን ቀና ብለው አዩ። የወይራው ጉቶ ብቻውን እዚያ ቆሟል።

"ሄደች" አሉ።

ደምመላሽ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ፤ ሙሽራው ከኋላው ናት፣ ጥርሷን ይዛ ሳቋን ታፍናለች። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ፣ ሻሼን አስተካከልኩና ቀደምኩት።

"ደምመላሽ፣ ቤቴ ትንሽ ወደ ኋላ ታጋድላለች። እዚያ ያለውን ድንጋይ አምጣና ከኋላ ጎማው ሥር ሸጉጥልኝ።"

ሰውን አየ። ሽማግሌዎቹን አየ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሣ፣ ተንበርክኮ ሸጎጠው።

"ጠበቅ አድርገው" አልኩት። ጠበቅ አደረገው።

ሐሰንን ቁርስ ጠራሁት። አህያዋንም "አንቺ አህያ" ማለቴን ትቼ በስሟ ጠራኋት። ከዚያ በሬን ዘጋሁ።